በአነስተኛ ብር ደህና ስማርት ስልክ መግዛት፦ ለሰሜን ሸዋ ገዢ ዝርዝር መመሪያ

ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ተነስቶ ደብረ ብርሃን ስልክ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ከከተማው ነዋሪ በአንድ ነገር ይለያል። ስልኩ በማግስቱ ቢያስቸግረው ተመልሶ ሊከራከር አይችልም። የትራንስፖርቱና የሚባክነው ቀን ወጪ ከክርክሩ ትርፍ ይበልጣል፤ ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ምርመራው ሁሉ ማለቅ ያለበት ብሩ ከኪስ ሳይወጣ፣ እዚያው ስልክ ቤቱ ውስጥ ነው። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ግማሽ ሰዓት የማይታገስ ሻጭ ካጋጠመዎት ቀጣዩ በር ላይ ሌላ ስልክ ቤት አለ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ሽፋን፣ ሚሞሪ ካርድ ውሎ አድሮ ይቀየራል። ፕሮሰሰሩ (የስልኩ አንጎል)፣ ራሙ (የተከፈቱ አፖች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ቦታ)፣ የውስጥ ስቶሬጁ (ፎቶና አፕ የሚቀመጥበት) እና ኔትወርክ የሚይዘው ክፍል ግን ቦርዱ ላይ የተበየዱ ስለሆኑ እንደገዟቸው ይኖራሉ። ብር ሲያጥር ብሩ መሄድ ያለበት ወደማይቀየረው ነው። የካሜራው ብዛት፣ የጀርባው ማብረቅረቅ፣ የስክሪኑ ስፋት ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ይህን ቅደም ተከተል ስለሚገለብጠው ነው።

ከቤት ሳይወጡ

ያለዎትን ብር ሁሉ ለስልኩ አይመድቡ። ከመቶው 85 ያህሉ ለስልኩ ይሁን፤ የቀረው ለሽፋን፣ ለስክሪን መከላከያ እና ስልኩ ያገለገለ ከሆነ ለደህና ቻርጀር ይቀመጥ። ያለ ሽፋን የተያዘ ርካሽ ስልክ አንዴ ሲወድቅ የሚያስከፍለው የስክሪን ዋጋ ከተቆጠበው ብር ብዙ እጥፍ ነው።

ጎረቤትዎ የዛሬ ዓመት የገዛበትን ዋጋ መነሻ አያድርጉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ደብረ ብርሃን ያለ ዘመድ ወይም ተማሪ በአንድ ቀን ሦስት ስልክ ቤት ገብቶ የአንድን ሞዴል ዋጋ ቢጠይቅልዎት ያ ነው ትክክለኛው መነሻ። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግዛት የሚያዋጣው የዋጋው ልዩነት የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱንና ዕቃው ቢበላሽ ድጋሚ መመለሱን የሚሸፍን ሲሆን ብቻ ነው።

ቀጥሎ ስልኩ የሚሠራልዎትን ሥራ ይለዩ። መደወልና በቴሌብር መላክ ብቻ ከሆነ *127# በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ይሠራል፤ ለዚህ ሲሉ ዕዳ ውስጥ አይግቡ። ቴሌግራም፣ የባንክ አፕ፣ ዩቲዩብና የፎቶ መላላክ ከሆነ ዝቅተኛው ልክ 4 ጂቢ ራም እና 64 ጂቢ ስቶሬጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለገባ ተማሪ፣ ቀኑን ሙሉ ፒዲኤፍ ለሚያነብና ቪዲዮ ለሚያወርድ፣ 128 ጂቢ ቢሆን ይሻላል።

ሁለት ጂቢ ራም ያለውን አዲስ ስልክ ለምን እንደማንመክር ግልጽ እናድርገው። አንድሮይድ ራሱ ከራሙ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። የቀረው አንድ አፕ ለመክፈት ይበቃል፣ ሁለተኛው ሲከፈት የመጀመሪያው ይዘጋል። የባንክ አፕ ከፍተው የማረጋገጫ ቁጥሩን ለማየት ወደ መልእክት ሲሄዱ፣ ተመልሰው ሲመጡ አፑ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ቁጥሩም ጊዜው ያልፍበታል። «ጎ» የሚባለው ቀለል ያለ አንድሮይድ ለእነዚህ ስልኮች የተሠራ ቢሆንም ችግሩን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም። 32 ጂቢ ስቶሬጅም እንዲሁ ነው፤ ሲስተሙ ሩቡን ወይም ሲሶውን ይዞ ይመጣል፣ ቴሌግራም የቀረውን በጥቂት ወር ይሞላዋል።

«8 ጂቢ ነው» ሲባሉ

ካርቶኑ ላይ ወይም የስልኩ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «8 ጂቢ ራም» የሚል ካዩ ከስሩ በትንሹ የተጻፈውን ያንብቡ። ብዙ ጊዜ «4+4» ይላል። የመጀመሪያው 4 እውነተኛ ራም ነው። ሁለተኛው ከስቶሬጁ ተቆርሶ ራም እንዲመስል የተደረገ ነው። ቴክኖ «ሜምፊውዥን»፣ ሳምሰንግ «ራም ፕላስ» ይሉታል። ስቶሬጅ ከራም እጅግ የዘገመ ስለሆነ በተግባር የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። ሁለት ስልክ ሲያወዳድሩ ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለውን ቁጥር ብቻ ያነጻጽሩ፤ እውነተኛ 6 ጂቢ ያለው «8 ጂቢ» ከተባለው 4+4 ይበልጣል።

ፕሮሰሰሩን የሻጩ ቃል ሳይሆን ሲፒዩ-ዜድ የሚባለው ነፃ አፕ ይንገርዎት፤ በስልክዎ ቀድመው አውርደው ይሂዱና በብሉቱዝ ወይም በሌላ ማስተላለፊያ ወደሚገዙት ስልክ ይላኩት። በዝቅተኛው የዋጋ ክልል ደህና የሚባሉት ዩኒሶክ ቲ606፣ ቲ612 እና ቲ616፣ ሚዲያቴክ ሄሊዮ ጂ85 እና ጂ88፣ እንዲሁም ስናፕድራገን 680 ናቸው። ሄሊዮ ጂ99 ካገኙ ከሁሉም ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ሁለት ጠንካራ ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰሩ ክፍል) እና ስድስት ቆጣቢ ኮር አላቸው፤ አፕ ሲከፈት የሚሰማው ፍጥነት የሚመጣው ከሁለቱ ጠንካሮች ነው። ዩኒሶክ ኤስሲ9863ኤ እና ሄሊዮ ኤ22 ግን ጠንካራ ኮር የሚባል የላቸውም። «ኦክታ ኮር ነው» (ስምንት ኮር አለው) የሚለው የሻጭ ቃል እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ኤስሲ9863ኤም ስምንት ኮር አለው፣ ስምንቱም ደካሞች ናቸው።

ስለ ካሜራ ብዙ አንልም። ርካሽ ስልክ ላይ ከሚታዩት ሦስት ክብ መስታወቶች የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ነው። የተጻፈ ወረቀት፣ ለምሳሌ የባንክ ደረሰኝ፣ ቤት ውስጥ ፎቶ አንሱበትና አጉልታችሁ ተመልከቱ። ትንሹ ጽሑፍ ከተነበበ ይበቃል።

ብርድ፣ ሙቀትና ባትሪ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ስልክ 25 ፐርሰንት እያለው በድንገት ይጠፋል፤ ቤት ገብቶ ሲሞቅ እንደገና ይነሳል። ምክንያቱ በብርድ የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ከፍ ስለሚልና ቮልቴጁ ስለሚወርድ ስልኩ ባዶ የሆነ ስለሚመስለው ነው። አዲስ ባትሪ ይህን ይቋቋማል፣ ያረጀ አይቋቋምም። በደጋ ለሚኖር ሰው ያገለገለ ስልክ ሲገዛ የባትሪ ምርመራ ከቆላው ሰው ይልቅ የሚጠብቅበት ለዚህ ነው። ማለዳ ሲወጡ ስልኩን በውጭ ኪስ ሳይሆን ከበርኖስ ወይም ከጋቢ ሥር፣ ወደ ሰውነት ያስጠጉት። ውጭ አድሮ የበረደ ስልክ ደግሞ እስኪሞቅ ቻርጅ ላይ አይሰኩ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ የተደረገ ሊቲየም ባትሪ ለዘለቄታው ይጎዳል።

ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ባትሪን የሚያስረጀው ሙቀት ነው፤ በተለይ መቶ ፐርሰንት ሞልቶ ሌሊቱን ሙሉ በሞቃት ክፍል ሲሰካ። በቆላ ከተማ ያገለገለ ስልክ ሲቀርብልዎት የጀርባ ሽፋኑ መነፋቱን ይመልከቱ።

አዲስ ስልክ ከሆነ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ መጠበቅ ይችላሉ፤ ዛሬ ርካሾቹም አላቸው። ይህ ባትሪ በ10 ዋት ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት 3 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በ18 ዋት ወደ 2 ሰዓት ይወርዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ሁለት ሰዓት ብቻ በሚመጣ መብራት የሚሞላ ስልክ እና ግማሽ ላይ የሚቀር ስልክ አንድ አይደሉም። መብራት ለሌላቸው ቀበሌዎች ደግሞ «10 ዋት» የሚባል ሶላር በጥሩ ፀሐይም የሚሰጠው ከግማሹ ብዙ አይበልጥም፤ ስለዚህ ይህን ባትሪ ለመሙላት ከአራት ሰዓት በላይ ፀሐይ ያስፈልጋል። ፓወር ባንክ ለመጨመር ካሰቡ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነው እውነተኛው 5,000 የሆነውን ስልክ ሁለቴ ሳይሆን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ነው የሚሞላው፤ በመንገድ ላይ የሚባክን ኃይል አለ። በእጅ ሲይዙት 200 ግራም ገደማ የማይመዝን ከሆነም ውስጡ የተባለው የለም።

ኔትወርክ

የራስዎን ሲም ይዘው ይሂዱ፤ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ካለዎት ሁለቱንም። የኢትዮ ቴሌኮሙን ሲም በአንደኛው ማስገቢያ ሰክተው *804# ይደውሉ፤ ቀሪ ሂሳብ ከመጣ ኔትወርኩ ይሠራል። ከዚያ ዳታ ከፍተው አናት ላይ «4ጂ» ወይም «ኤልቲኢ» መጻፉን ይዩ። ሲሙን ወደ ሁለተኛው ማስገቢያ አዛውረው ይድገሙት። አንደኛው ማስገቢያ ብቻ የሚሠራ ስልክ ብዙ ጊዜ ወድቆ ወይም ውኃ ገብቶበት የተጠገነ ነው።

ከአሜሪካ የመጡ፣ ለአንድ የቴሌ ድርጅት ተብለው የተሠሩ ስልኮች ላይ ይጠንቀቁ። «ሎክ» ከሆኑ የእኛን ሲም ጭራሽ አይቀበሉም፤ ቢከፈቱም የሚይዙት የሞገድ ዓይነት ከዚህ አገር ጋር ሙሉ በሙሉ ላይገጥም ይችላል። ከተማ ውስጥ ሞገዱ ብዙ ስለሆነ ጉድለቱ አይታይም። ጀማ ሸለቆ ዳር ወይም ከተራራ ጀርባ ባለ መንደር ግን የሚደርሰው አንድ ሞገድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩ እሱን ካልያዘ ጎረቤት እየደወለ የእርስዎ ስልክ «ኔትወርክ የለም» ሲል ይኖራል። በመንደርዎ በደህና የሚሠራ ስልክ ያለው ሰው ካለ ሞዴሉን መጠየቅ ከማንኛውም ምክር ይበልጣል።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ብሩ የሚያደርሰው 2 ጂቢ አዲስ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ ያገለገለ 4 ወይም 6 ጂቢ ሳምሰንግ ኤ ተከታታይ፣ ሬድሚ፣ ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ይሻላል ብለን በድፍረት እንናገራለን፤ ከዚህ በታች ያለውን ምርመራ ካለፈ። ብሩ 4 ጂቢ ራም እና 64 ጂቢ ስቶሬጅ ላለው አዲስ ስልክ የሚደርስ ከሆነ ግን አዲሱን ይውሰዱ። ዋስትናው፣ ያልተነካው ባትሪውና ያልተከፈተው አካሉ ለሩቅ ገዢ ዋጋ አለው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ምርቶች ናቸው፤ ጥገናቸውን ካርልኬር ይይዛል፣ መለዋወጫቸውም በአካባቢው ጠጋኞች ዘንድ በቀላሉ ይገኛል።

የድሮ ውድ ስልክ በርካሽ ሲቀርብልዎት ልብዎ አይሸፈት። መጀመሪያ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሄደው «የዚህ ስክሪን ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከስልኩ ዋጋ ግማሽ በላይ ከሆነ ይተዉት። ስክሪን አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም።

ያገለገለ ስልክ ምርመራ

ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ ለባትሪው ምርመራ ጊዜ የሚያስፈልገው ስለሆነ ቀድሞ ይጀምራል።

መጀመሪያ ስልኩን አጥፍተው ያብሩት። ተነስቶ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የባትሪውን ፐርሰንት ይያዙ። ከተቻለ ከ50 በታች ሲሆን ይመርምሩ፤ ያረጀ ባትሪ 90 ላይ ጤነኛ ይመስላል፣ ድካሙ የሚታየው ሲወርድ ነው። የስክሪኑን ብርሃን ጫፍ አድርሰው በዳታ ቪዲዮ ይክፈቱና 15 ደቂቃ ይተዉት። ከ3 እስከ 4 ፐርሰንት ቢወርድ ጥሩ ነው። 7 እና ከዚያ በላይ ከወረደ፣ ወይም ከ41 ወደ 33 እንደሚዘል ዓይነት ከሆነ ባትሪው አልቋል። ይህ ስልኩን ለመተው ምክንያት ላይሆን ይችላል፤ የባትሪና የእጅ ዋጋ ግን ከዋጋው ላይ ይቀነስ።

ቪዲዮው እየሄደ አካሉን ይዩ። ስልኩን በጀርባው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኝተው ማዕዘኖቹን በጣት ተጫን ለቀቅ ሲያደርጉ የሚወዛወዝ ከሆነና በካሜራው ምክንያት ካልሆነ ባትሪው አብጧል። በጀርባ ሽፋኑና በጎኑ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ ተከፍቶ ተጠግኗል። የሲም ማስገቢያውን አውጥተው በብርሃን ውስጡን ይመልከቱ፤ ብዙ ስልኮች ላይ ነጭ የሆነች ትንሽ ምልክት አለች፤ ቀልታ ካገኟት ውኃ ገብቶበታል። ውኃ የገባበት ስልክ ዛሬ ቢሠራም ቦርዱ ላይ ዝገቱ እየተስፋፋ ነው፤ በምንም ዋጋ አይውሰዱ።

ታቹን ለመፈተሽ አንድ የአፕ ምልክት ተጭነው ይያዙና ሳይለቁ በስክሪኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ ማሳ እርሻ መስመር በመስመር በቀስታ ይጎትቱት። ምልክቱ ከጣትዎ ተላቆ የሚወድቅበት ቦታ ካለ እዚያ ታቹ ሞቷል። ሳምሰንግ ከሆነ *#0*# ሲደወል የራሱ መፈተሻ ይከፈታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሙን ሲያዩ ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም ጥላ ካለ ይታያል። ሬድሚ ከሆነ *#*#6484#*#* ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል።

አሁን ቻርጀር ይሰኩ። ሽቦውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ሲያነቃንቁት የቻርጅ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ መሰኪያው ላልቷል። ተሰክቶ ሳለ ስክሪኑን ይንኩ፤ ሳይነካ ራሱ የሚጽፍ ከሆነ በራስዎ ቻርጀር ይድገሙት። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የመጀመሪያው ርካሽ ቻርጀር ነው፤ ኃይሉን አጥርቶ ስለማያወጣ ታቹን ያምታታዋል። በሁለቱም ካደረገ ስክሪኑ ርካሽ ቅያሪ ነው።

አብሮዎት ላለው ሰው ይደውሉ። ይሰማዎታል? ይሰማዋል? ላውድ ስፒከሩስ? እየተነጋገሩ የስልኩን አናት በእጅ ሲሸፍኑት ስክሪኑ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ በየጥሪው ጆሮዎ እየነካው ስልኩ ይዘጋል። ከዚያ ካሜራውን፣ የጣት አሻራውን፣ ዋይፋይና ብሉቱዝን በፍጥነት ይለፉ።

አካውንትና መለያ ቁጥር

ብዙ ብር የሚጠፋው እዚህ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉ አንድሮይዶች ላይ የጎግል አካውንት ያለበት ስልክ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፎርማት ቢደረግ ሲነሳ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል። አካውንቱ ከሌለ ስልኩ አይከፈትም። ስለዚህ ሻጩ ከፊትዎ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አካውንቱን ያውጣ፣ ከዚያ ፎርማት ያድርግ። ስልኩ ሲነሳ በራስዎ ጎግል አካውንት ገብተው መነሻው ገጽ ድረስ ሲደርሱ ብቻ ይክፈሉ። «አካውንቱ ጠፍቶኛል ግን ጠጋኝ ፍላሽ ያደርገዋል» የሚል ስልክ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ይለፉት። ሲነሳ «ይህ ስልክ የድርጅት ነው» ወይም «ክፍያ ያልተጠናቀቀበት» የሚል ከጻፈም በዱቤ ወይም በመሥሪያ ቤት የተያዘ ነው፤ ከርቀት ሊዘጉት ይችላሉ። አይፎን ከሆነ የአይክላውድ መቆለፊያው እንዲሁ መነሳት አለበት።

ቀጥሎ *#06# ይደውሉ። 15 አኃዝ ያለው አይኤምኢአይ (የስልኩ መለያ) ቁጥር ይወጣል፤ ባለ ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ቁጥር። ካርቶን ካለ ከካርቶኑ ጋር አኃዝ በአኃዝ ያስተያዩ። ባዶ ወይም ዜሮ ከሆነ፣ ወይም ከካርቶኑ የተለየ ከሆነ ስልኩ ተነካክቷል። ቁጥሩ የተቀየረ ወይም ሳይመዘገብ የገባ ስልክ ኔትወርክ ሊከለከል ይችላል፤ ያኔ የሚቀርልዎት ዋይፋይ ብቻ ነው።

ኮፒ ስልክ

ትልቅ ስም ያለው ሳምሰንግ በማይታመን ዋጋ ከቀረበ ከመደሰትዎ በፊት ሲፒዩ-ዜድን ይክፈቱ። የስልኩ ሴቲንግ «12 ጂቢ ራም፣ 512 ጂቢ» ሊልዎት ይችላል፤ ያ ጽሑፍ የተቀየረ ነው። አፑ ግን «ኤምቲ6580» የሚል ፕሮሰሰር ሊያወጣ ይችላል፤ ይህ 4ጂ የሌለው፣ አራት ደካማ ኮር ያለው አሮጌ ቺፕ ነው። ሲም ሲገባም 3ጂ ላይ ይቆማል፤ ለዚህ ነው የኔትወርክ ምርመራው ኮፒንም የሚያጋልጠው። የስክሪኑ ዙሪያ ጥቁር ጠርዝ ከፎቶው ሰፋ ብሎ ከታየም ሌላ ምልክት ነው።

«የታሸገ» ማለት ሁልጊዜ አዲስ ማለት አይደለም፤ ላስቲኩን ዳግም ማሸግ ቀላል ነው። ከፍተው በሴቲንግ ውስጥ የአንድሮይድ የሴኩሪቲ ቀኑን (የመጨረሻው የደህንነት ዝመና ቀን) ይመልከቱ። ከሁለት ዓመት በላይ ያለፈው ከሆነ ስልኩ መደርደሪያ ላይ ከርሟል፣ ባትሪውም አብሮት አርጅቷል፤ ዋጋ ያስቀንሱበት።

ሲከፍሉና ከከፈሉ በኋላ

ድርድሩ ላይ «አስቀንሱልኝ» ከሚል ልመና ይልቅ ያገኙትን ጉድለት በቁጥር ያስቀምጡ፦ ባትሪው በ15 ደቂቃ 8 ወረደ፣ ቅያሪው ይህን ያህል ብር ነው። ሻጭ ይህን ለመመለስ ይቸገራል። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ አይኤምኢአይ ቁጥሩ፣ ቀኑና የዋስትናው ጊዜ በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ይጻፍ፤ ቁጥሩ የሌለበት ደረሰኝ የየትኛው ስልክ እንደሆነ ማስረዳት አይችልም። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ ቢያደርጉት ሌላ ማስረጃ ይሆንዎታል። ያገለገለ ስልክ ከግለሰብ ከሆነ የሻጩን መታወቂያ አይተው አጭር የሽያጭ ወረቀት ያስፈርሙ፤ ስልኩ ነገ የተሰረቀ ነው ቢባል ተጠያቂው እርስዎ እንዳይሆኑ።

መኪና ከመሳፈርዎ በፊት ሽፋኑንና የስክሪን መከላከያውን ያስገጥሙ። መናኸሪያ ላይ የሚወድቅ አዲስ ስልክ ብዙ ነው።

ቤት ሲደርሱ ዋይፋይ ወይም የሌሊት ፓኬጅ ሲገኝ ዝመናውን ያውርዱ። ቴሌግራም ውስጥ ገብተው ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ያጥፉ፤ ስቶሬጁንም ዳታውንም የሚበላው እሱ ነው። ከፋብሪካ የመጡና የማይጠቀሙባቸውን አፖች ያውጡ፣ የማይወጡትን ያግዱ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ስልኩን ሳያሳርፉ ይጠቀሙበት፤ ሌሊት ምን ያህል ፐርሰንት እንደሚወርድ ከመተኛትዎ በፊትና ሲነሱ ይመዝግቡ። ሳይነካ ከ10 ፐርሰንት በላይ ከወረደ፣ ወይም ጥሪ ላይ ድምፅ ከተቆራረጠ፣ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ደረሰኙን ይዘው ሻጩ ዘንድ በስልክ ይደውሉ፤ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ የምታምኑት ሰው ካለም ስልኩን ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር ይላኩበት።